መስታወቱ ይቅለል፤ ግን ምን ተከፍሎ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ካነበቡ ወዲህ ጥያቄያቸው በዝቶብኛል። 6.5 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ይህን ያህል ዓመትና ገንዘብ ከፈጀ ከዚያ የሚበልጠው እንዴት ሊሠራ ነው? እንደ ላስቲክ የሳሳ ሌንስ፣ 20 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ረጅም መስታወት፣ ጠፈር ላይ የሚረጋ የፈሳሽ መስታወት የሚሉ ነገሮች እናነባለን። የምር ናቸው? በተለይ ክብ ያልሆነ መስታወት እንዴት ጥርት አድርጎ እንደሚያሳይ ማስረዳት አቅቶኛል። እግረ መንገድዎን፣ እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ ወደ ምድር ቢዞር ጣና ላይ ያለውን እምቦጭ ዘወትር መከታተል ይችል እንደሆነ ቢነግሩን።»

ምላሽ፦

መምህር፣ ሦስቱም የምር ናቸው፤ እኩል የበሰሉ ግን አይደሉም። ረጅሙ መስታወት አሁን በእጃችን ባለው ዕውቀት ሊሠራ የሚችል ነው። ስሱ ሌንስ ምድር ላይ ተሠርቶ ተሞክሯል። ፈሳሹ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል። ስለ እነዚህ የሚወጣው ዜና አብዛኛውን ጊዜ «ክብደቱ በዚህን ያህል ቀነሰ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያበቃል። እኔ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳገኝ መጀመሪያ የምፈልገው ዋጋውን ነው፤ የገንዘቡን ሳይሆን የብርሃኑን። ለቅለቱ ሲባል ምን ተሰጠ? ቀለም ነው? የምስሉ አንድ አቅጣጫ ነው? ወይስ ከሚገባው ብርሃን ግማሹ? በዚህ ሙያ በነጻ የተገኘ ቅለት እስካሁን አላየሁም። ተማሪዎችዎን ይህችን ጥያቄ አስቀድመው ቢያስይዟቸው ቀሪውን ራሳቸው ያጣሩታል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የዌብ ዋና መስታወት 705 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ብርሃን የሚያንጸባርቀው በላዩ የተለበጠው ወርቅ ብቻ ነው፤ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ያህል፣ ክብደቱ በጠቅላላው 48 ግራም ገደማ። የቀረው ቤሪሊየም የተባለው ቀላል ብረትና ድጋፉ ሁሉ የተሸከመው ኃላፊነት አንድ ነው፦ ያ ወርቅ ከተሰጠው ቅርጽ ንቅንቅ እንዳይል መያዝ። እንግዲህ መስታወት የሚከብደው ብርሃን ከባድ ዕቃ ስለሚፈልግ አይደለም፤ ቅርጽ ጠብቆ መቆየት ከባድ ስለሆነ ነው። አዳዲሶቹ ንድፎች በሙሉ የሚታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

ቅርጹ ምን ያህል ትክክል መሆን አለበት? የተለመደው መለኪያ፣ የብርሃኑ ሞገድ ከመስታወቱ ከተመለሰ በኋላ ከሚገባው ቅርጽ የሚያፈነግጠው በአማካይ ከሞገድ ርዝመቱ አንድ አሥራ አራተኛ እንዳይበልጥ ነው። መስታወት ላይ ደግሞ ስሕተት እጥፍ ይሆናል። 1 ናኖሜትር ጉብታ ካለ ብርሃኑ ሲሄድም ሲመለስም መንገዱ ስለሚያጥር፣ የሞገዱ ስሕተት 2 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ ለገጹ የሚፈቀደው አንድ ሃያ ስምንተኛ ብቻ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 500 ናኖሜትር ለሆነ አረንጓዴ ብርሃን 18 ናኖሜትር መሆኑ ነው። የዌብ ቁራጮች ገጽ እስከ 20 ናኖሜትር ገደማ ድረስ ተወልውሏል። መስታወቱን ለጥጠን የጣናን ርዝመት እንዲያህል ብናደርገው፣ ማለትም 6.5 ሜትሩ 80 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ የሚፈቀደው ከፍታና ዝቅታ ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው። ሐይቁ ላይ እንዲህ ያለ እርጋታ በየትኛውም ጠዋት አይገኝም።

ይህን ያጎደለ ምን እንደሚገጥመው ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲመጥቅ የ2.4 ሜትር መስታወቱ ጠርዝ ከሚገባው በላይ 2.2 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ተፍቆ ነበር። ልስላሴው እንከን አልነበረውም፤ ቅርጹ ብቻ ነበር የተሳሳተው። ያችው ስሕተት ምስሉን ሁሉ አደብዝዛ እስከ 1993 መጨረሻ፣ ጠፈርተኞች ማረሚያ መሣሪያ እስኪገጥሙለት ድረስ፣ ዓለምን አሳዝናለች።

የቁሳቁስ ባለሙያዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የሐብል መስታወት በሙቀትና በቅዝቃዜ ብዙም ከማይለዋወጥ ብርጭቆ የተሠራ፣ ክብደት ለመቀነስ ውስጡ በባዶ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን 828 ኪሎ ግራም ነበር። ይህን ለስፋቱ ቢያካፍሉት በካሬ ሜትር 180 ኪሎ ግራም ያህል ይመጣል። የዌብን ቢያሰሉ 28 አይሞላም። በ1990 እና በ2021 መካከል የተገኘው ስድስት እጥፍ ቅለት ይህ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት በ2009 ያመጠቀው ሄርሼል ደግሞ 3.5 ሜትር መስታወቱን ከሲሊከን ካርባይድ ነበር ያገኘው። ቤሪሊየሙ ግን የራሱን ዋጋ አስከፍሏል። ቴሌስኮፑ የሚሠራው ከዜሮ በታች ከ220 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ቅዝቃዜ ስለሆነ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ ቁራጮቹ በክፍል ሙቀት ሆን ተብሎ የተሳሳተ ቅርጽ እንዲይዙ ተወለወሉ፤ ሲቀዘቅዙ ወደ ትክክለኛው እንዲመጡ። አቀዝቅዞ መለካት፣ አሙቆ መወልወል፣ እንደገና አቀዝቅዞ መለካት፤ ዓመታቱን የበላው ይህ ነው።

በዚሁ መንገድ እያሳሱ መቀጠል የማይቻለው ለምንድን ነው? የአንድ ሳህን ለመታጠፍ ያለው ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር አብሮ ይወርዳል። ውፍረቱን በግማሽ ቢቀንሱ ግትርነቱ በስምንት እጥፍ ይወድቃል። በዚያ ላይ የሮኬቱ አፍንጫ አለ። ዌብን የተሸከመው የአሪያን 5 ሮኬት አፍንጫ የውጭ ስፋቱ 5.4 ሜትር ስለነበር፣ መስታወቱ 18 ቦታ ተቆራርጦ፣ ክንፎቹ ታጥፈው ነው የገባው። ሰፋ ያሉ ሮኬቶች እየመጡ ነው፤ በ2025 መጀመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኒው ግሌን 7 ሜትር አፍንጫ አለው። ይህ እፎይታ ይሰጣል እንጂ 20 ሜትር መስታወት አያስገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ክብ ያልሆነ መስታወት።

ተማሪዎች ዘንድ ሁልጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። ቴሌስኮፕ የሚሰበስበው የብርሃን መጠን የሚወሰነው በመስታወቱ ስፋት፣ በካሬ ሜትሩ ነው። ሁለት ተቀራራቢ ነጥቦችን ለያይቶ የማየት አቅሙ የሚወሰነው ግን በመስታወቱ ዳርና ዳር መካከል ባለው ርቀት ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ አቅጣጫ ለየብቻው። ክብ መስታወት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሆነ ይህ ልዩነት ተደብቆ ይኖራል። የመማሪያ መጻሕፍቱም ክቡን ቀመር ብቻ ሰጥተው ያልፋሉ።

እኔ በቃል ከማስረዳ ልጆቹ በዓይናቸው ቢያዩት ይሻላል። ካርቶን ላይ የጣት ስፋት ያለው መስኮት ይቅደዱ። በመስኮቱ ላይ ሁለት ምላጮችን ስለታቸውን ፊት ለፊት አድርገው በፕላስተር ይለጥፉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት 0.3 ሚሊሜትር ይሁን። ሦስት የደብተር ወረቀት ደራርበው በመሐል አስገብተው ምላጮቹን ካስጠጉ በኋላ ወረቀቶቹን ቢያወጡ ልኩን ያገኛሉ። የምላጮቹን ሌላኛውን ስለት አስቀድመው በፕላስተር ይሸፍኑ፤ የተማሪ ጣት የት እንደሚገባ አይታወቅም። ቀጥሎ አሉሚኒየም ፎይል ላይ በመርፌ ሁለት ቀዳዳዎች፣ በ1 ሴንቲሜትር ርቀት፣ ጎን ለጎን ይብሱ። ከኋላ የስልክ መብራት፣ በመካከል ብርሃኑን የሚያሰራጭ ስስ ወረቀት ያድርጉ። ይህን በጨለመ ኮሪደር አንድ ጫፍ አስቀምጠው ከ10 ሜትር ርቀት ይመልከቱ። በባዶ ዓይን ሁለቱ መብራቶች ያለ ችግር ይለያሉ።

አሁን የምላጩን ክፍተት ከዓይን አስጠግተው በቁም ይያዙት፤ ረጅም ጎኑ ከላይ ወደ ታች ይሁን። ሁለቱ መብራቶች ተዋሕደው ወደ ጎን የተለጠጠ አንድ ብርሃን ይሆናሉ። ካርቶኑን በ90 ዲግሪ ያዙሩት፤ ክፍተቱ ይጋደም። ሁለቱ መብራቶች ወዲያው ይለያያሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን ከላይ ወደ ታች ተለጥጠው ሁለት ቋሚ ሰረዝ ሆነው ይታያሉ። በሁለቱም ጊዜ ዓይን ውስጥ የገባው ብርሃን አልተለወጠም። የተለወጠው የክፍተቱ ረጅም ጎን ከመብራቶቹ መስመር ጋር መግጠም አለመግጠሙ ብቻ ነው። ሒሳቡንም ሰሌዳ ላይ ይሥሩላቸው፦ በመብራቶቹ መካከል ያለው ማዕዘን 1 ሴንቲሜትር ለ10 ሜትር፣ ማለትም የራዲያን አንድ ሺኛ ነው። የ0.3 ሚሊሜትር ክፍተት ብርሃኑን የሚዘረጋው የሞገድ ርዝመቱ ለክፍተቱ ተካፍሎ ነው፤ 550 ናኖሜትር ለ0.3 ሚሊሜትር የራዲያን 1.8 ሺኛ ይሆናል። ከ1 ስለሚበልጥ መብራቶቹ ይዋሐዳሉ። በረጅሙ ጎን በኩል ያለው ወሰን ግን የዓይን ብሌን ራሱ ነው።

ይህን ካዩ በኋላ 20 ሜትር በ1 ሜትር የሆነው መስታወት እንቆቅልሽ አይሆንባቸውም። ሐሳቡን በ2025 ያቀረቡት በአሜሪካ የሬንሴለር ፖሊቴክኒክ ተቋም የፊዚክስ ሊቅ ሃይዲ ኒውበርግና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዓላማቸው ጠባብ ነው፤ ንድፉን የወደድሁትም ስለዚህ ነው። ፀሐይን በሚመስሉ፣ እስከ 30 የብርሃን ዓመት ርቀት ባሉ ከዋክብት ዙሪያ መሬትን የምትመስል ፕላኔት መፈለግ። በዚያ ርቀት ሆኖ መሬትንና ፀሐይን ለሚያይ ሰው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን የማዕዘን ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ አንድ ማዕዘን ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ መሆኑን ልብ ይሏል። በ10 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ይህን ለመለየት 10 ማይክሮሜትርን ለ20 ሜትር ያካፍሉ፤ ልክ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያገኛሉ። 20 ሜትር የተባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው እንጂ ከአየር ላይ የተወረወረ ቁጥር አይደለም። ዌብ በዚሁ የሞገድ ርዝመት በ6.5 ሜትሩ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ያህል ላይ ይቆማል።

20 ሜትር ክብ መስታወት ቢሠራ ስፋቱ 314 ካሬ ሜትር ነው። አራት ማዕዘኑ 20 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ የዌብ 25 ገደማ ስለሆነ ከዚያም ያንሳል። ጠባብ ስለሆነም እንደ ምንጣፍ ሳይጠቀለል በቁራጭ ታጥፎ ሮኬት ውስጥ መግባት ይችላል። ፕላኔቷ ከኮከቡ በስተጎን ሳይሆን በስተላይ ብትሆንስ? ቴሌስኮፑን በ90 ዲግሪ አዙሮ ድጋሚ ማንሣት ነው፤ ካርቶኑን እንዳዞሩት ሁሉ። ባቀረቡት ስሌት መሠረት ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በዚያ ክልል ካሉት መሬት መሰል ፕላኔቶች ግማሽ ያህሉን ሊያገኝ ይችላል።

ረዘም ያለውን ታህተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ብርሃን የመረጡበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። በዓይን በሚታይ ብርሃን ፀሐይ ከመሬት 10 ቢሊዮን እጥፍ ገደማ ትደምቃለች፤ በ10 ማይክሮሜትር ግን መሬት በራሷ ሙቀት ስለምታበራ ልዩነቱ ወደ ሚሊዮንና አሥር ሚሊዮን እጥፍ ይወርዳል። በዚያው አካባቢ ኦዞን ብርሃን ይውጣል፤ ኦዞን ካለ ደግሞ ኦክስጅን አለ ማለት ነው። ለእኛ ለመስታወት ሰዎች ግን የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ያ አንድ ሃያ ስምንተኛ ለ10 ማይክሮሜትር ሲሰላ 360 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ለአረንጓዴው ከሚፈቀደው ሃያ እጥፍ የላላ ነው። ስስና ቀላል መስታወት ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ፈቃድ አይገኝም።

ዋጋው ታዲያ የት ነው? በአጭሩ ጎን በኩል መስታወቱ 1 ሜትር ስለሆነ ምስሉ በዚያ አቅጣጫ ወደ 2 ሰከንድ ይለጠጣል። የተለጠጠው የፕላኔቷ ብርሃን ከኮከቡ ዙሪያ ካለው አቧራ ብርሃን ጋር መደባለቁ አይቀርም። የጋላክሲ ውብ ፎቶ የሚጠብቅ ሰው ከዚህ ቴሌስኮፕ ምንም አያገኝም። መስታወቱም ራሱ ሙቀት እንዳያበራ እጅግ መቀዝቀዝ ስላለበት፣ 20 ሜትር ርዝመት የሚከልል የፀሐይ መከለያ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ግን ዌብ ላይ የተሞከረ ሥራ ማስፋፊያ ነው እንጂ ያልተፈለሰፈ ነገር አይጠይቅም። ስለዚህ ነው ቅድም በእጃችን ባለው ዕውቀት ይሠራል ያልሁት።

ስሱ ሌንስ ሌላ ዓለም ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ግምጃ ቤት አቧራ ለብሶ የተቀመጠ አሮጌ ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር አይጠፋም። የላዩን መስታወት ቢያነሡ ከሥሩ ክብ ክብ ጭረት የሞላበት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ያገኛሉ። ፈረንሳዊው ፍሬኔል ለባሕር መብራት ማማ የፈጠረው ሌንስ ወራሽ ነው፤ የመጀመሪያው በ1823 በኮርዱዋን ማማ ላይ ተገጥሟል። ወፍራሙ ሆድ ወጥቶ ብርሃኑን የሚያጥፈው ገጽ ብቻ በቀለበት በቀለበት ቀርቷል። ቀለበቶቹን እያጠበቡ፣ እያጠበቡ ወደ ሞገድ ርዝመቱ ሲያቃርቧቸው ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ብርሃኑን የሚመራው የፕላስቲኩ ማጠፍ መሆኑ ይቀርና ዲፍራክሽን፣ ማለትም ሞገዶቹ ከየቀለበቱ ወጥተው በአንድ ነጥብ ላይ መደጋገፋቸው ይሆናል።

የዚህን ሌንስ መጠን ለማየት አንድ ምሳሌ አሰላሁልዎ። ስፋቱ 10 ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 50 ሜትር፣ ብርሃኑ 500 ናኖሜትር ይሁን። የሚያስፈልጉት ቀለበቶች ግማሽ ሚሊዮን ናቸው፤ የመጨረሻው የጠርዝ ቀለበት ስፋት 5 ማይክሮሜትር ነው። ከባድ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ከዚህ እጅግ የጠበበ መስመር በየቀኑ ያትማሉ።

ትልቁ ትርፍ ቅርጹ ላይ ነው። መስታወት ላይ የነበረው ጉብታ ስሕተቱን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ አይተናል። ብርሃን በስስ ፊልም ውስጥ ሲያልፍ ግን ፊልሙ ወደፊት ቢጎብጥ ብርሃኑ ከፊልሙ በፊት የተጓዘው መንገድ ያጥራል፣ ከፊልሙ በኋላ የሚጓዘው በዚያው ልክ ይረዝማል። ሁለቱ ይካካሳሉ። የሚቀረው ስሕተት ብርሃኑ ስለታጠፈ የሚመጣው ጥቂት ልዩነት ብቻ ነው፤ በምሳሌያችን ሌንስ ጠርዝ ላይ ከመስታወቱ 400 እጥፍ ገደማ ያንሳል። 18 ናኖሜትር የነበረው ፈቃድ ወደ 7 ማይክሮሜትር ይሰፋል። እንደ ድንኳን ጨርቅ ወጥሮ መያዝ የሚቻል ነገር ሆነ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፦ ይህ ይቅርታ የሚሠራው ለመጎበጥ ነው። ፊልሙ አንድ ቦታ ወፍራም ሌላ ቦታ ቀጭን ከሆነ ምንም መካካስ የለም፤ ስለ ስስ ሌንስ የሚጻፈው ዜና ይህችን ይዘልላታል።

ዋጋው ደግሞ ቀለም ነው። ሲዲ ገልብጠው ብርሃን ቢያሳዩት ቀለማቱ እየተለያዩ ይወጣሉ፤ በቀለበት የተሠራ ሌንስም እንዲሁ ነው። የትኩረት ርቀቱ ከሞገድ ርዝመቱ ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ በ500 ናኖሜትር 50 ሜትር ላይ የሚያተኩረው ሌንስ በ550 ናኖሜትር 45 ሜትር ተኩል ላይ ያተኩራል። አረንጓዴው ጥርት ሲል ቢጫ አረንጓዴው አራት ሜትር ተኩል ርቆ ተዘርግቷል። ማረሚያ አለ፤ በትኩረቱ አጠገብ የተገላቢጦሽ ቀለበት ያለበት ትንሽ ክፍል ይገባል። እርሱም የሚያርመው የተወሰነ የቀለም ክልል ብቻ ነው።

ሙከራው አዲስ አይደለም። በካሊፎርኒያ የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ባልደረባ ሮደሪክ ሃይድ ሐሳቡን በ1990ዎቹ መጨረሻ አቅርበው፣ ከ72 የብርጭቆ ቁራጮች የተገጣጠመ 5 ሜትር የሚታጠፍ ሌንስ እዚያው ተሠርቷል። አስተጣጠፉን የነደፉት የወረቀት አጣጠፍ ጥበብ ሊቁ ሮበርት ላንግ ናቸው። ኋላ የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ተቋም ዳርፓ ብርጭቆውን ትቶ በስስ ፕላስቲክ ፊልም ሞከረ። ታጥፎ 6 ሜትር የሚሆን፣ ሲዘረጋ 20 ሜትር የሚደርስ ሌንስ ነበር ሕልሙ። በ2013 ይፋ ባደረገው ውጤት ፊልሙ ከሚቀበለው ብርሃን ወደ ትኩረቱ የሚያደርሰውን ከ30 በመቶ ወደ 55 በመቶ ማሳደጉን ገልጿል። መስታወት 90 በመቶ ያህል ይመልሳል። እንግዲህ ሁለተኛው ዋጋ ይኸው፤ ከብርሃኑ ግማሽ ያህሉ። ናሙናው ምድር ላይ ተሞከረ እንጂ ወደ ጠፈር አልወጣም።

ብርሃን ማጣትን በብዛት ለማካካስ የተነሣም አለ። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ዳንኤል አፓይና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ናውቲለስ እያንዳንዱ 8.5 ሜትር ሌንስ የያዘ ሠላሳ አምስት ተመሳሳይ ቴሌስኮፕ ማሰማራትን ያስባል። የሁሉም ብርሃን አንድ ላይ ሲደመር ከአንድ 50 ሜትር ቴሌስኮፕ ጋር ይስተካከላል። ብርሃኑ ይደመራል፤ የመለየት አቅሙ ግን ያው የ8.5 ሜትሩ ነው። ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ አየሯን ለመመርመር ይህ ይበቃል፤ ፕላኔቷን ለይቶ ለማየት ግን አይበቃም። ያን ቅድም ያልሁዎትን ልዩነት ተማሪዎችዎ እዚህ ላይ በሌላ መልኩ ያገኙታል።

ስለ ቀሪዎቹ በአጭሩ። በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ሰባስቲያን ራቢየን በ2023 የሚጠቀለል መስታወት አሳይተዋል። የሚሽከረከር ፈሳሽ ፓራቦላ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ፖሊመር በባዶ ክፍል ውስጥ በትነት እንዲያርፍ ተደርጎ ስስ መስታወት ይበቅላል። እስከ 30 ሴንቲሜትር ተሠርቷል፤ ተጠቅልሎ ሲፈታ ቅርጹ ስለሚዛባ በብርሃን እያሞቁ ያርሙታል። ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ብልሃት ያለበት ይህ ነው፤ ለትልቅ ቴሌስኮፕ ግን ገና ሕፃን ነው። ናሳና የእስራኤሉ ቴክኒዮን የሚያስቡት የፈሳሽ መስታወት 50 ሜትር የማድረግ ምኞት አለው። ክብደት በሌለበት ፈሳሽ በገጽ ውጥረቱ ብቻ የተስተካከለ ገጽ ይይዛል፤ መወልወል የለ፣ መቆራረጥ የለ። ግን ቴሌስኮፕ ከኮከብ ወደ ኮከብ መዞር አለበት። ፈሳሹ ሲዞር ይነቃነቃል፤ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ዋጋው ጊዜ ነው ማለት ነው።

ወደ ጣናና ወደ እምቦጩ። ዳርፓ ያሰበው ሌንስ የታቀደው በትክክል ለዚህ ዓይነት ሥራ ነበር፤ 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ከምድር ጋር እኩል እየዞረ አንድን ቦታ ቀን ሙሉ ለማየት። 20 ሜትር ሌንስ ከዚያ ከፍታ 1 ሜትር ገደማ የሆነ ነገር ይለያል፤ ስሌቱን ልጆቹ ይሥሩት። ጀልባና ታንኳ ይታይ ነበር። እምቦጩን ለመከታተል ግን ይህን ያህል አያስፈልግዎትም። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት በ10 ሜትር ዝርዝር በየአምስት ቀኑ በላያችን ያልፋል፤ ምስሉም በነጻ ይገኛል። ውኃ ለቀይ ቅርብ የሆነውን ታህተ ቀይ ብርሃን ውጦ ሲያስቀር ቅጠል ያንጸባርቀዋል፤ ስለዚህ ሐይቁ ጥቁር፣ አረሙ ደማቅ ሆኖ ይወጣል። ትልቁም ትንሹም ቴሌስኮፕ የክረምቱን ደመና አይሻገርም፤ ለዚያ የራዳር ሳተላይቱ ሴንቲኔል 1 አለ። ከጥቅምት ወዲህ ያሉትን ምስሎች ቢያወርዱ ሰማዩ ስለሚጠራ ይቀልልዎታል። ከመገጭና ከርብ ወንዝ መግቢያ ይጀምሩ። ፎገራ በኩል ሲደርሱ ይጠንቀቁ፤ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ሳተላይቱ ላይ ከእምቦጭ ጋር ቁርጥ አንድ ነው የሚመስለው። መለያው መንቀሳቀሱ ነው። ሩዙ በየምስሉ ባለበት ይቆያል፤ እምቦጩ ንፋሱ ወደነዳው ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ምስል ደራርበው ሳያዩ አንድም ሄክታር አይቁጠሩ።